ቢራፍ ዲ594ጂ በትልቁ አንጀት ካንሰር፦ ሶፍትዌሩ «ደረጃ 1» ይላል፣ ልቀበለው?

ፒፔት_12፦

ሰላም ለሁላችሁ። የትልቁ አንጀት አዴኖካርሲኖማ ነው፤ በፎርማሊን ታክሞ ፓራፊን ውስጥ የተቀመጠ ናሙና። ፓነሉ (የብዙ ጂኖች ምርመራው) የተሠራው ከዕጢው ብቻ ነው፣ ለንጽጽር የተወሰደ ደም የለም። ፓቶሎጂስቱ የዕጢ ሴሎቹን መጠን 40% ገምተዋል። ያስቸገሩኝ ሁለት መስመሮች ናቸው።

ቢራፍ ጂን ሲ.1781ኤ>ጂ፣ ፒ.ዲ594ጂ፤ ቪኤኤፍ (ለውጡን የያዙት ንባቦች ድርሻ) 19%፣ ጥልቀት (ቦታው የተነበበበት ብዛት) 600።
ኤቲኤም (የዲኤንኤ ጥገና ጂን) ላይ አንድ ሚስሴንስ (አንድ አሚኖ አሲድ የሚቀይር ለውጥ)፤ ቪኤኤፍ 49%፣ ጥልቀት 540፤ ኖማድ (የሕዝብ የጂን ለውጦች ዳታቤዝ) ውስጥ የለም። ታካሚዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው።

ኬራስና ኤንራስ (ሌሎች ሁለት የካንሰር ጂኖች) ላይ ምንም አልወጣም። ሶፍትዌሩ ዲ594ጂን ደረጃ 1 (በጣም ጠንካራ የሕክምና ማስረጃ ያለው) ብሎ ኢንኮራፌኒብና ሴቱክሲማብ የተባሉትን መድኃኒቶች ከጎኑ አስቀምጧል። ሌላ ዳታቤዝ ደግሞ ይህንኑ ቫሪያንት (የጂን ለውጥ) «ካይኔዙ (ምልክት አስተላላፊ ኤንዛይሙ) የሞተ» ይለዋል። ካይኔዙ ከሞተ እንዴት ካንሰር አምጪ ይሆናል? ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፍ? ኤቲኤሙስ?

ኮዶን፦

ደረጃ 1 አይደለም። ሶፍትዌሩ የጂኑን ስም አይቶ ነው መድኃኒት ያወጣልዎት፣ ቫሪያንቱን አላየም። በ2020 በአሜሪካ ለትልቁ አንጀት የተፈቀደው የኢንኮራፌኒብና ሴቱክሲማብ ጥምረት ለቪ600ኢ (ኮዶን 600 ላይ ላለው የቢራፍ ለውጥ) ነው። የ2022ቱ የዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ ፈቃድም ብዙ ዓይነት ዕጢዎችን ቢያቅፍም ለቪ600ኢ የተወሰነ ነው፣ ትልቁን አንጀትም በስም ጠቅሶ ከፈቃዱ አግልሎታል። አንድ መስመር ደረጃ 1 ላይ እንዲቀመጥ ቫሪያንቱ፣ የዕጢው ዓይነትና መድኃኒቱ ሦስቱም በአንድ ማስረጃ ላይ መገናኘት አለባቸው። እዚህ የገጠመው የዕጢው ዓይነት ብቻ ነው።

ስለ «ሞተ» የሚለው ቃል። የቢራፍ ቫሪያንቶች በአሠራራቸው ሦስት ክፍል ናቸው። የመጀመሪያው ኮዶን 600 ላይ ያሉት ናቸው፤ አንድ ቢራፍ ብቻውን፣ ጥንድ ሳይፈልግ ምልክት ያስተላልፋል። እነ ኬ601ኢ እና ጂ469ኤ ሁለተኛው ክፍል ናቸው፤ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፣ ከራስ ፕሮቲኖች (ማለትም ኬራስ፣ ኤንራስ) ትእዛዝ ግን አይጠብቁም። ዲ594ጂ እና ጂ466ቪ ሦስተኛው ናቸው። የራሳቸው ካይኔዝ ደክሟል ወይም ጨርሶ አይሠራም፤ ነገር ግን የነቃውን ኬራስ ወይም ኤንራስ ከጤነኛው ቢራፍ አጥብቀው ይይዙና ከሲራፍ (የቢራፍ እኅት ፕሮቲን) ጋር ተጣምረው እሱን ያስነሡታል። ሥራውን የሚሠራው ሲራፍ ነው፣ መጨረሻ ላይ የኧርክ (ሴሉ እንዲባዛ የሚያዝ ፕሮቲን) ምልክት ይጨምራል። ስለዚህ «ካይኔዙ የሞተ» እና «ካንሰር አምጪ» አይጋጩም። ብዙ ጀማሪ ገምጋሚ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ «ካይኔዝ የለውም» የሚለውን የላብራቶሪ ውጤት አንብቦ ከክሊንጀን መመዘኛ (የቫሪያንቱን ካንሰር አምጪነት በነጥብ ከሚለካው) ኤስቢኤስ2 ኮድን ይመርጥና 4 ነጥብ ይቀንሳል። ያ ኮድ የሚሰጠው ጥናቱ ካንሰር የማምጣት ውጤት እንደሌለው ሲያሳይ ነው። ካይኔዙን ብቻ ለክቶ ኧርክን ያልለካ ሙከራ ደግሞ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር ለሐኪሙ ይጠቅማል። እነ ቬሙራፌኒብ፣ ዳብራፌኒብ የተሠሩት ለብቸኛው ቢራፍ ነው። ጥንዱን አይይዙትም፣ ኬራስ በነቃበት ሴል ውስጥ እንዲያውም ምልክቱን ሊያጠናክሩት ይችላሉ። በሌላ በኩል ሦስተኛው ክፍል ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ስለሚፈልግ፣ ትእዛዙ ከኢጂኤፍአር (የሴሉ ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ) የሚመጣ ከሆነ፣ ይህን ተቀባይ የሚዘጋው ሴቱክሲማብ ወይም ፓኒቱሙማብ ሊሠራ ይችላል። በጥቂት ታካሚዎች ላይ ወደ ኋላ ተመልሰው የተሠሩ ጥናቶች ከፊሎቹ እንደሚጠቀሙ አሳይተዋል። ማስረጃው ከዚህ አያልፍም። እኔ ደረጃ 2 ውስጥ አስቀምጬ፣ «ዲ594ጂ ፀረ ኢጂኤፍአር መድኃኒትን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ለብቻው የቢራፍ መድኃኒት ለመስጠትም አይሆንም» ብዬ እጽፋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ኤንኤፍ1ን (የራስ ፕሮቲኖችን የሚገታ ጂን) ይመልከቱ። ኤንኤፍ1 ከጠፋ ወይም ኬራስ ራሱ ከተለወጠ ትእዛዙ ከኢጂኤፍአር በታች ስለሚነሣ ከላይ ያለው ተስፋ ይፈርሳል። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ከእነዚህ ጋር አብሮ መገኘት ይወዳል።

ዕጢ_በቁጥር፦

ቁጥሮቹን እኔ ልያዝ። የዕጢ ሴል 40% ሲሆን፣ ሁለት ቅጂ ባለበት ቦታ አንዱ ብቻ ከተለወጠ የሚጠበቀው ቪኤኤፍ 20% ነው። የእርስዎ 19% ስለሆነ ከዕጢው ግንድ (በሁሉም የዕጢ ሴሎች ካለ ለውጥ) ጋር ይሄዳል። የፎርማሊን ጉዳት በብዛት ሲ>ቲ ወይም ጂ>ኤ ሆኖ በዝቅተኛ ቪኤኤፍ ይታያል፤ ይህ ኤ>ጂ ነው፣ ደጋፊ ሪዶቹም (ለውጡን የያዙት የዲኤንኤ ንባቦች) 114 ገደማ ናቸው። በሁለቱም አቅጣጫ ሪዶች መታየቱን አረጋግጠው ይለፉ።

ኤቲኤሙ ሌላ ነገር ነው። በ40% ዕጢ ውስጥ 49% እንዴት ይመጣል? ሌላኛው ቅጂ ተሰርዞ ቢሆን 0.4 ÷ (0.4 + 1.2)፣ ማለትም 25%። ተሰርዞ የቀረው ተባዝቶ ቢሆን 40%። ሁለቱም 49% አይደርሱም። የተወረሰ ቢሆን ግን 50% ይጠበቃል። ያ ቦታ በብዙ ቅጂ ካልተባዛ ወይም የ40% ግምቱ በጣም ካልተሳሳተ በስተቀር የተወረሰ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። (በዓይን የሚደረግ ግምት በ10 እና በ20 ነጥብ ሲስት ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ በሌሎቹ ቫሪያንቶች ያመሳክሩት። እዚህ የቢራፉ 19% ግምቱን ይደግፋል።)

«ኖማድ ውስጥ የለም» የሚለው ለኢትዮጵያዊት ታካሚ ክብደቱ ትንሽ ነው። 4ኛው እትም 807,162 ሰዎችን ይዟል፣ አብዛኞቹ ግን የአውሮፓ ዝርያ ናቸው። አፍሪካዊ የተባለው ቡድንም በብዛት የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ናቸው። የአፍሪካ ቀንድ ሰው እዚያ ብዙም የለም። የደም ንጽጽር የሌለው ሥርዓት ደግሞ ኖማድ ውስጥ ያላገኘውን ሁሉ «ዕጢው ውስጥ የተፈጠረ» ብሎ ያሳልፋል። ለዚህም ነው የሚውቴሽን ብዛት ልኬት በእኛ ታካሚዎች ላይ ያለ አግባብ ከፍ የሚለው፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ኢሚውኖቴራፒ የሚታዘዝ ከሆነ ቁጥሩን መልሰው ይፈትሹ።

የኤቲኤሙን ሚስሴንስ በዕጢ መመዘኛ አይመዝኑት። የተወረሰ ከሆነ የ2015ቱ የውርስ ቫሪያንት መመሪያ ነው የሚሠራው። ሪፖርቱ ላይ «የተወረሰ ሊሆን ይችላል፣ በደም ወይም በምራቅ ይረጋገጥ፣ የጄኔቲክ ምክር ይሰጥ» ይበሉ። ለማረጋገጥ ናሙና ከመውሰድዎ በፊት ፈቃዳቸውን ይጠይቁ።

ስላይድ፦

አንድ የተረሳ ነገር አለ። ኤምኤልኤች1 (የዲኤንኤ ጥገና ፕሮቲን) በቀለም ምርመራ ጠፍቷል ወይ? ከጠፋ፣ ቪ600ኢ መገኘቱ ሊንች ሲንድሮም (በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ተጋላጭነት) አለመሆኑን ይጠቁማል። ዲ594ጂ ግን ይህን አያደርግም። «ቢራፍ ተለውጧል» ተብሎ በደፈናው ከተጻፈ ሐኪሙ ሊንችን ዘግቶ ያልፋል፣ ቤተሰቡም ሳይመረመር ይቀራል። ወደ ኤምኤልኤች1 ፕሮሞተር ሜቲሌሽን (ጂኑን የሚዘጋ ኬሚካላዊ ምልክት) ምርመራ፣ ከዚያም ወደ ደም ምርመራ ይሂዱ። በቀለም ምርመራ የሚያገለግለው ቪኢ1 ፀረ እንግዳ አካልም ቪ600ኢን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ኔጌቲቭ ቢወጣ ከሲኩዌንሲንጉ ጋር ተጋጨ አይባልም።

ፒፔት_12፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። በ2022ቱ የክሊንጀን ነጥብ አሰጣጥ አንዴ 8፣ አንዴ 10 ይወጣልኛል። ደግሞ ሽፋኑን ሳይ ኬራስ ኮዶን 146 ላይ ጥልቀቱ 38 ብቻ ነው። ትራንስክሪፕቱን (ቁጥሩ የሚቆጠርበትን የጂኑን ማጣቀሻ ቅጂ) ስቀይር ደግሞ ዲ634ጂ የሚል ስም መጣብኝ።

ኮዶን፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ረጅሙን ትራንስክሪፕት መርጠው ነው፣ እሱ ላይ ሁሉም ነገር 40 አሚኖ አሲድ ይገፋል፤ ቪ600ኢም ቪ640ኢ ይሆናል። የትራንስክሪፕቱን ቁጥር ከነእትሙ ጽፈው በ594 ይቆዩ፣ ሐኪሙ የሚያውቀው እሱን ነው።

8 እና 10 የሚለያዩት በአንድ ኮድ ነው። ኦኤስ2 (የላብራቶሪ ጥናት) 4፣ ኦፒ1 (የኮምፒውተር ትንበያ) 1፣ ኦፒ4 (ኖማድ ውስጥ አለመገኘት) 1 ይሰጣሉ፣ ድምሩ 6። የቀረው የሆትስፖት (በካንሰር ናሙናዎች ተደጋግሞ የሚለወጥ ቦታ) ኮዱ ነው። በቦታው 50 ወይም ከዚያ በላይ ናሙና፣ ተመሳሳዩ ለውጥ ደግሞ ቢያንስ 10 ካለ ኦኤስ3 ነው፣ 4 ነጥብ። ከ50 በታች ሆኖ ተመሳሳዩ 10 ከደረሰ ኦኤም3፣ 2 ነጥብ። 10 እና ከዚያ በላይ «ካንሰር አምጪ»፣ ከ6 እስከ 9 «ሳይሆን አይቀርም» ነው። አንዴ በቦታው ድምር፣ አንዴ በዲ594ጂ ብቻ ቆጥረው ይመስለኛል። የቆጠሩበትን ቀን ከቁጥሩ ጋር ይመዝግቡ። ለሕክምናው ግን 8ም ሆነ 10 ለውጥ የለውም፤ ካንሰር አምጪነቱና የመድኃኒት ደረጃው በተለያየ ዓምድ ነው የሚቀመጡት።

ዕጢ_በቁጥር፦

ኮዶን 146ን «ኔጌቲቭ» ብለው አይጻፉ። ዕጢው በእርግጥ 40% ከሆነ ከ38ቱ 7 ወይም 8 ሪድ ይታይ ነበር። ነገር ግን የተቆረጠው ቦታ ላይ ዕጢው 10% ቢሆን ወይም ለውጡ በከፊሉ ዕጢ ብቻ ቢኖር 2 ሪድ ብቻ ነው የሚጠበቀው፣ እሱን ደግሞ ሶፍትዌሩ ይጥለዋል። የሪዶቹን ፋይል ከፍተው በዓይን ይመልከቱ፣ ከዚያ 12፣ 13፣ 59፣ 61፣ 117 እና 146ን በሁለቱም ጂኖች (ኬራስና ኤንራስ) ላይ አንድ በአንድ ይዩ። ፀረ ኢጂኤፍአር መድኃኒት የሚወሰነው በእነዚህ ስለሆነ፣ ያልበቃውን በፒሲአር ይድገሙ፤ ዲኤንኤ ካለቀ «አልተገመገመም» ብለው በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስቀምጡት።