ጣና ላይ ጀልባ ላከራይ ነው፦ ስንት ሰው ልጫን? የትኛውን መድን ልግባ?

ጠያቂ፦ ደንገል ዳር (ባሕር ዳር)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ባለሞተር የፋይበር ጀልባና አራት ፔዳል ጀልባ ይዤ የኪራይ ሥራ ልጀምር ነው። ባለሞተሮቹ 6 ሜትር በ1.80 ናቸው፤ ሞተራቸው ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ከነነጂያቸው ወደ ዘጌ፣ እንጦስና ክብራን ይመላለሳሉ። ፔዳሎቹን ደንበኛው ራሱ ዳር ዳሩን ይነዳቸዋል።

ሻጩ «12 ሰው ይጭናሉ» ብሎኛል። ደላላው ደግሞ «እንደ መኪና ሦስተኛ ወገን ግባበት፣ ይበቃል» ይላል። ደንበኛውን «ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊው ራሴ ነኝ» አስፈርሜ ብጭንስ? ላይፍ ጃኬቱንም 50 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይሉ ልክ) የሚለውን፣ ርካሹን ላዝዝ ነው። ገንዘቡ ከእጄ ሳይወጣ የምታውቁ ንገሩኝ።

የአረቦን ሰው

የደላላውን ምክር እርሳው። አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን (አዋጅ ቁጥር 799/2005) የወጣው መንገድ ላይ ለሚሄድ ባለሞተር ተሽከርካሪ ነው። ጀልባ አያገባውም። ብትገዛውም ሰው ሲጎዳ አይከፍልልህም።

ላንተ ሥራ የሚያስፈልገው አራት ሽፋን ነው፤ አንዳንዱ በአንድ ፖሊሲ (የመድን ውል) ይጠቃለላል፣ አንዳንዱ ለብቻው ይገዛል። አንደኛው የጀልባውና የሞተሩ አካል ነው። ሁለተኛው የተሳፋሪና የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት፤ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ብትገጭ ወይም መረቡን ፕሮፔለርህ ቢቆርጠው የሚከፈለው ከዚህ ነው። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በነፍስ ወከፍ የሚከፍል የግል አደጋ መድን። አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ የነጂህና የረዳትህ የሥራ ላይ ጉዳት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የጡረታ ዐቅድ የማይሸፍነው ሠራተኛ ጨርሶ መሥራት እስከማይችል ከተጎዳ የሚከፈለው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በወር 8,000 ብር ለምትከፍለው ነጂ 480,000 ብር ማለት ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ግን ፕሮፖዛል ፎርሙ (መድን ስትጠይቅ የምትሞላው ቅጽ) ላይ ነው። «ለግል መዝናኛ» ብለህ ሞልተህ ለኪራይ ካሰማራሃት፣ አደጋ በደረሰ ቀን ፖሊሲው ባዶ ወረቀት ይሆናል። «ኪራይ ከነነጂ» እና «ደንበኛ ራሱ የሚነዳው» ለኩባንያው ሁለት የተለያዩ ስጋቶች ናቸው፤ ፔዳሎቹን በስማቸው ለይተህ አስጽፍ። ከዚያ እነዚህን ቃል በቃል አንብብ፦ የት ድረስ እንድትሄድ ተፈቅዷል? «ባሕር ዳርና አካባቢው» የሚል ፖሊሲ ይዘህ ደቅ ወይም ጎርጎራ ብትሄድ ያ መስመር ያልተሸፈነ ሊሆን ይችላል። በምሽት መሄድስ? ሞተሩ ሌሊት ከጀልባው ላይ ቢሰረቅስ? ብዙውን ጊዜ ተቆልፎ ካልነበረ አይከፈልም። የነጂው ብቃት ማረጋገጫና የተፈቀደው የሰው ብዛትም በቅድመ ሁኔታነት ይጻፋሉ። አንድ ሰው ትርፍ መጫን ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ሊያሳጣህ ይችላል።

ዋጋውን ደግሞ አሳንሰህ አታስገባ። 600,000 ብር የምታወጣ ጀልባ በ300,000 አስገብተህ የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የምታገኘው 50,000 ነው፣ ግማሽ ዋጋ ስላስገባህ ግማሹን፤ ከዚያም ላይ ያንተ ተቀናሽ (ከኪስህ የምትችለው ድርሻ) ይነሣል። ሞተሩን ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት የገዛኸው ከሆነ የድሮውን ደረሰኝ ይዘህ አትሂድ፤ ዛሬ ሊተካ የሚችልበትን ዋጋ ጠይቅ።

ቀዛፊው

12 ሰው? ሻጩ የቆጠረው መቀመጫውን ነው። እስከ 6 ሜትር ገደማ ለሆነ ተራ ባለሞተር ጀልባ የሚሠራበት ግምት አለ፦ ርዝመት በስፋት (በሜትር) አባዛና በ0.72 አባዛው። ያንተ 6 × 1.80 = 10.8፤ በ0.72 ሲባዛ 7.8። ወደ ላይ አይጠጋጋም፤ 7 ነው፣ ነጂውን ጨምሮ። ይህም ለጸጥታ ውሃ ነው። አምራቹ ጀልባው ላይ የለጠፈው ሰሌዳ ካለ ደግሞ የምትከተለው እሱን ነው።

አንድ ሰው በ75 ኪሎ ብትይዘው 12 ሰው 900 ኪሎ ነው፤ 7 ሰው 525። በመካከል ያለው 375 ኪሎ የጀልባዋን ጠርዝ ወደ ውሃው ያወርደዋል። ያኔ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የጣና ማዕበል በጎን ይገባል፤ የገባው ውሃ ወዳዘነበለችበት ይሮጣል፤ እሷም የባሰ ታዘነብላለች። ለዚህ ነው መገልበጥ ቀስ እያለ የማይመጣው።

ሌላው ምክንያት ፎቶ ነው። ጉማሬ ታየ ሲባል ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ነጂህ ይህን ከመነሣቱ በፊት ይናገር፦ «ተቀምጣችሁ ታያላችሁ፤ እኔ ጀልባዋን አዞርላችኋለሁ።» የዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬው ወደ ጥልቁ የሚሸሽበትን መንገድ አትዝጋበት፤ ሞተር አጥፍተህም አጠገቡ አትንሳፈፍ።

ካንዴላ

ስለ ሞተሩ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ ያንተ 40 እዚህ 33 አካባቢ ነው። በወረቀቱ ጉልበት አስበህ ከጫንክ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ትቆማለህ። ሙሉ ጭነት ጭነህ፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ለካ፤ መመሪያው ላይ ካለው በታች ከሆነ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) በ1 ወይም በ2 ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር አስገባ። ካርቡሬተር ያለው ከሆነና ካንዴላው ጠቁሮ ከወጣ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ጄቱን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ለከፍታው በሚሆን አስቀይር።

አሁን እጅህን ይዤ የማሳይህ አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ሲነሣ ከኋላው በቀጭኑ የሚተፋውን ውሃ እይ። ያ ውሃ ማቀዝቀዣው እየሠራ መሆኑን የምታውቅበት ነው። እምቦጭ ወይም የደንገል ስብርባሪ የውሃ መሳቢያውን ሲደፍነው መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ቀጥሎ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ይቆማል። በዚህ ጊዜ «ዳር ልድረስ» ማለት የለም፤ አጥፋ፣ የሞተሩን እግር ከውሃው ወደ ላይ አንሣ፣ የመሳቢያውን ወንፊት በእጅህ ጠራርግ። ደርቆ የሠራ ሞተር ፒስተኑ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)፤ መድን ደግሞ ይህን «የአያያዝ ጉድለት» ብሎ ያልፈዋል።

የማጥፊያ ገመዱ (ቀይዋ ጥምዝምዝ) የነጂው እጅ ወይም ቀበቶ ላይ ትታሰር። ነጂ ሲወድቅ ሞተሩን የምታጠፋው እሷ ናት፤ ካልታሰረች ባዶ ጀልባ ክብ እየዞረች በፕሮፔለሯ ትመለስበታለች። መለዋወጫ ገመድ ጀልባው ውስጥ ይኑር።

ቤንዚን ስትቀዳ ሳልባትዮውን ከጀልባው አውርደህ መሬት ላይ አስቀምጥና ቅዳ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል፤ አይታይም፣ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ልኩ ሢሶ ለመሄጃ፣ ሢሶ ለመመለሻ፣ ሢሶ ለክፉ ቀን ነው። ደርሶ መልሱ 24 ሊትር የሚፈጅ ከሆነ 36 ይዘህ ውጣ።

ደንገል ዳር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። 7 ከነነጂው ከሆነ ሒሳቤን እንደገና ልሠራ ነው። ጃኬቱስ? ለፔዳሎቹስ ምን ላድርግ? የፊርማውን ነገርም ማንም አልነካውም።

ዘጌ በር

50 ኒውተኑን ተወው። በአይሶ 12402 (የጃኬት ዓለም አቀፍ ደረጃ) መለኪያ 50 የሚባለው ዋና ለሚችልና እርዳታ አጠገቡ ላለ ሰው ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አይገለብጠውም። ለሐይቅ መንገደኛ ዝቅተኛው 100 ነው፣ ብትችል 150። የልጅ ጃኬት በዕድሜ አይገዛም፣ በኪሎ ነው፤ በየጀልባው ቢያንስ ሁለት የተለያየ መጠን ይኑርህ፤ ለትንንሾቹ በእግር መካከል የሚታሰር ቀበቶ ያለውን ምረጥ።

አለባበሱን ረዳትህ በእጁ ይፈትሽ። ሁሉም ከታሰረ በኋላ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጃኬቱ ወጥቶ ጆሮ ከደረሰ ልል ነው። የእኛ አገር ጣጣ ጋቢና ነጠላ ነው። ለኪዳነ ምሕረት፣ የካቲት 16፣ ወደ ዑራ (ዘጌ ላይ ወዳለው ገዳም) የሚሄድ ሰው ጃኬቱን ለብሶ ጋቢውን ከላይ ይደርባል። ውሃ የጠጣ ጋቢ ክንድ ይይዛል፣ የጃኬቱን ማሰሪያና ፊሽካም ይሸፍናል። ጋቢው ይውለቅና ጭን ላይ ይሁን፤ «ብርድ ነው» ካሉ ከጃኬቱ ሥር ሹራብ ይልበሱ። ካህንም ቢሆኑ፣ «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ማስወለቅ ነው።

ቆጠራውን ደግሞ በየመሳፈሪያው አድርግ፣ ስትነሣ ብቻ አይደለም። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ ቡድኑ ይከፈላል፤ ሴቶቹ እንጦስ ይወርዳሉ፣ ስትመለስ አንዱ ሌላ ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ታገኘዋለህ፣ ወይም ያልነበረ ሰው ተጨምሮ። ስም፣ ስልክና የመመለሻ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ዳር ላይ ካለ ሰው ጋር ይቅር፤ ከሰዓቱ 30 ደቂቃ ካለፈ ይደውል፣ ካልተነሣ ሌላዋ ጀልባ ትውጣ።

ቀዛፊው

ለፔዳሎቹ ትልቁ ጠላት ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቁ ሲነፍስ ዳሩ ላይ ማዕበል የለም፣ ደንበኛው «ዛሬ ጥሩ ነው» ብሎ ይገባል፤ 300 ሜትር ሲርቅ ነፋሱ ይገፋዋል፣ እግሩ ይዝላል፣ መመለስ ያቅተዋል። ስለዚህ ዳር ላይ እንጨት ተክለህ ጨርቅ ስቀል። ጨርቁ ወደ ሐይቁ ከተዘረጋ ፔዳል አይወጣም። በሌላው ቀን ድንበሩን በቢጫ ጀሪካን ተንሳፋፊ አድርገህ በድንጋይ መልሕቅ ትከል፤ ሞተሩ የሞቀ አንድ ጀልባ የደከመውን ጎትቶ ለማውጣት ዝግጁ ይሁን። ለኪራይ የወጡት ሁለቱም ባለሞተሮችህ ከሆኑ ፔዳል አታከራይ።

ባለሞተሮቹ ውስጥ ሁለት መቅዘፊያ፣ ውሃ መቅጃ ጣሳ፣ 2 ኪሎ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ፊሽካ፣ ባትሪ፣ 20 ሜትር የሚንሳፈፍ መወርወሪያ ገመድ። መልሕቁ ቢያንስ 40 ሜትር ገመድ ይኑረው፤ ጣና በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር ስለሚሆን አምስት እጥፉ ነው። አጭር ገመድ መልሕቁን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ መልሕቁም መሬቱን አይነክስም። ግንቦትና ሰኔ ውሃው ሲወርድ በመስከረም የማይታይ ድንጋይ ብቅ ይላል፤ መለዋወጫ ፕሮፔለር ከነፒኑና ከነብሎኑ ያስፈልጋል።

ነገረ ፈጅ

ፊርማው። ደንበኛው አደጋውን ተነግሮት እንደነበር ያስረዳል፤ ከዚያ አያልፍም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2069 አደገኛ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ በቁጥር 2081 ደግሞ የማሽንና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ይሆናል፤ ለጀልባ ሞተርም እንደሚጠቀስብህ አስበህ ግባ። ነጂህ በሥራው ላይ ሳለ ላጠፋውም በ2130 አንተ ትጠየቃለህ። ደግሞ ሟቹ ቢፈርም ሚስቱና ልጆቹ አልፈረሙም፤ ቁጥር 2095 ለእነሱ የራሳቸው የካሣ መብት ይሰጣቸዋል።

ወረቀቱን ግን አትጣለው፤ ሌላ ነገር ጻፍበት። «ጃኬት ለብሻለሁ፣ እንዳልነሣ ተነግሮኛል፣ ዋና እችላለሁ/አልችልም፣ ሕመም አለኝ/የለኝም፣ ድንበሩን አይቻለሁ።» ሰዓትና የጀልባ ቁጥር ይኑረው። ችሎት ላይ ጥንቃቄህን የሚያሳየው ይህኛው ነው።

የአረቦን ሰው

በዚያው የሚያያዝ፦ አደጋ ከደረሰ ንግድ ሕጉ (የ1952ቱ፣ የመድኑ ክፍል በአዲሱ አልተሻረም) በቁጥር 670 ካወቅህበት ቀን ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ለኩባንያው እንድታሳውቅ ያዛል። በስልክ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤ አስገብተህ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስመታ። ሰው ከተጎዳ የፖሊስ ሪፖርት፣ የተሳፋሪ ዝርዝሩና የሐኪም ወረቀት። ገማች መጥቶ ሳያይ ጀልባዋን አታስጠግን፤ እንዳትሰጥም ዳር መሳብ ግን ግዴታህ ነው፣ የሳብክበትንም ደረሰኝ ያዝ። ለተጎጂው ቤተሰብ አፍህን ሞልተህ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» አትበል። አስታም፣ ሐኪም ቤት አድርስ፣ ሽማግሌ ከላኩም በአክብሮት ተቀበል፤ የገንዘቡን ውል ግን ኩባንያው ሳያውቅ አትፈርም። ሽምግልናው ላይ የተስማማኸውን ኩባንያው አልከፍልም ቢልህ መከራከሪያ የለህም።

ደንገል ዳር (ጠያቂ)

ጃኬቱን ወደ 100 ኒውተን ቀይሬያለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ለየካቲት 16 የ8 ሰው ቤተሰብ ይዞኛል፤ ሁለት ሕፃናት አሉበት። ሕፃን እንደ ግማሽ ቆጥሬ በአንዷ ልውሰዳቸው?

ቀዛፊው

አይሆንም። ለሚዛን ሕፃን ቀላል ነው፤ ለጃኬትና ለቆጠራ ግን አንድ ሙሉ ሰው ነው፣ ፖሊሲህም የሚለው «ሰው» ነው። 8 እና ነጂው 9። በሁለት ጀልባ 4 እና 4 አድርገህ፣ በየጀልባዋ አንድ አንድ ሕፃን ከነእናት ወይም ከነአባት አስቀምጥ። ዋጋውን ከአሁኑ በጀልባ ተናገር፣ በሰው አይደለም፤ በሰው ካስከፈልክ በዓል ቀን ወደቡ ላይ ነጂህ ትርፍ ሲጭን ታገኘዋለህ። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሡ፤ ነፋሱ ሳይነሣ ለመመለስ የቅዳሴውን መውጫ ሰዓት አስቀድመህ ጠይቅ።

ካንዴላ

በዚያ ቀን መሳፈሪያው ላይ ጀልባ በጀልባ ላይ ስለሚደራረብ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ሞተሩ ይጥፋ። ዜሮ ማርሽ ላይ ማቆየት አይበቃም፤ አንድ ሰው ክርኑን እጀታው ላይ ሲያሳርፍ ማርሽ ይገባል።