አውስትራሊያ በ3 ሳምንት፣ ከነልጆች ከነአያት፦ ዕቅዳችንን እዩልኝ

መንገደኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጁላይ ላይ ለ3 ሳምንት አውስትራሊያ ልንሄድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ከሥራም ፈቃድ ወስደናል፣ ቲኬት ግን ገና አልቆረጥንም። አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ5 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ እና እናቴ። እማዬ ሰባን አልፋለች፣ ጤናዋ ደህና ነው፣ ጉልበቷ ግን ያስቸግራታል። ደረጃና ዳገት አይሆናትም።

አገሩን ማናችንም አናውቀውም። ባለቤቴ ካርታ ዘርግቶ ያወጣው ዕቅድ ይሄ ነው፦ ፐርዝ እንገባለን፣ ካምፐርቫን (አልጋ ያለው መኪና) እንከራያለን፣ እየነዳን ወደ አደሌድ፣ ከዚያ ሜልበርን፣ ሲድኒ፣ ወደ ሰሜን ወጥተን ኬርንስ፣ ባሕር ውስጥ ያለውን የኮራል ክምችት ግሬት ባሪየር ሪፍን አይተን በመሃል አገር በኩል ትልቁ ቀይ ድንጋይ ኡሉሩ፣ መኪናውን እዚያ መልሰን በአውሮፕላን እንመለሳለን። "መንገዱ አስፋልት ነው፣ እየነዳን አገር እናያለን" ይለኛል። እኔ ግን ሆዴ ፈርቷል።

እዚያ የምትኖሩ ወይም የሄዳችሁ እውነቱን ንገሩኝ። የሚቀነስ ካለ ምን ይቀነስ? በዚያ ላይ ጁላይ ክረምታቸው ነው ይባላል፣ ምን ይዘን እንሂድ? የልጁን የመኪና ወንበርስ ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያ ይገኛል?

---

ካርታ አንባቢ፦

እህቴ፣ ሆድሽ ልክ ነው። በባለቤትሽም አልፈርድም፣ ካርታ ላይ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው። አገሩ ግን 7.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ኢትዮጵያን ሰባት ጊዜ ማለት ነው።

እስቲ ያላችሁትን መንገድ እንደምረው። ከፐርዝ አደሌድ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአደሌድ ሜልበርን 730። ከሜልበርን ሲድኒ 880። ከሲድኒ ኬርንስ 2,400። ከኬርንስ በአሊስ ስፕሪንግስ አድርጎ ኡሉሩ 2,800። ድምሩ ወደ 9,500 ኪሎ ሜትር ነው። በቀን 800 ብትነዱ 12 ቀን መኪና ውስጥ ናችሁ። ለዚያውም በቀን 800 ማለት ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ነው፣ አንድ ልጅ ሽንቴ መጣ ሌላው አቅለሸለሸኝ ሳይል።

ማታ መንዳቱን ደግሞ እርሱት። ከከተማ ውጭ ጀምበር ስትጠልቅና ሊነጋጋ ሲል ካንጋሮ መንገድ ላይ ይገባል፣ ድንገት ነው ዘሎ የሚመጣው። ብዙ አከራዮች ራቅ ባሉ ቦታዎች ላይ በማታ መንዳትን በውላቸው ይከለክላሉ፣ ኢንሹራንሱም አይሸፍንም። ውሉ ላይ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡት። በመሃል አገር መንገድ ላይ "ሮድ ትሬን" የሚባሉ ተሳቢ በተሳቢ የሆኑ የጭነት መኪናዎችም አሉ፣ ርዝመታቸው እስከ 53.5 ሜትር ይደርሳል። እነሱን ለመቅደም ምን ያህል ባዶ መንገድ እንደሚያስፈልግ አስቢው።

ናላርቦር የሚባለው፣ ከፐርዝ ወደ አደሌድ ስትሄዱ የምትቆርጡት ሜዳ፣ ለሚወደው ሰው ድንቅ ነው። 146 ኪሎ ሜትር አንድም ጠመዝማዛ የሌለው ቀጥ ያለ መንገድ አለው። ለ5 ዓመት ልጅ ግን 146 ኪሎ ሜትር መሰልቸት ማለት ነው። ሴዱና ከተማ ስትደርሱ ደግሞ ኬላ አለ፣ የያዛችሁትን ፍራፍሬና አትክልት ይወስዱባችኋል። የፍራፍሬ ዝንብ ከክልል ክልል እንዳይዛመት ነው።

የኔ ምክር፦ ፐርዝን ተዉት። አደሌድንም ተዉት። በአንድ ከተማ ገብታችሁ በሌላ ከተማ የምትወጡበት ቲኬት ፈልጉ፣ ለምሳሌ ሜልበርን ገብታችሁ ከብሪዝበን ወይም ከሲድኒ መውጣት። በመካከል ያለውን በአውሮፕላን ዝለሉት። ከሲድኒ ሜልበርን በመኪና 9 ሰዓት ነው፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከሲድኒ ኬርንስ 3 ሰዓት። ከሲድኒ ኡሉሩ ቀጥታ በረራ አለ፣ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ። መኪና የምትከራዩት በየደረሳችሁበት ለሁለትና ለሦስት ቀን ይሁን። በርካሾቹ አየር መንገዶች በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ብቻ ነው፣ ሻንጣ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ዋጋ ስታወዳድሩ እሱን ደምሩ።

---

የሰሜኑ ሰው፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ኬርንስ ብቻ ልጨምር፣ የማውቀው እሱን ነው።

ጁላይ መሄዳችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ሰሜኑ ላይ ያ ጊዜ ደረቅ ወቅት ነው፣ ቀኑ 26 ዲግሪ አካባቢ፣ ወበቁ የለም። ከኖቬምበር እስከ ሜይ ባሕሩ ውስጥ የሚናደፍ ጄሊፊሽ ይበዛል፣ በጁላይ ያ ስጋት በጣም ቀላል ነው። በዚያ ላይ ዓሣ ነባሪዎች በምሥራቅ ጠረፍ ወደ ሰሜን የሚያልፉበት ጊዜ ነው። አንድ ነገር ግን ማንም አይነግርሽም፦ በጁላይ ነፋስ አለ፣ ባሕሩም ይናወጣል። ወደ ውጭኛው ሪፍ የሚሄዱት ጀልባዎች አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳሉ፣ ግማሹ ተሳፋሪ የወረቀት ከረጢት ይዞ ሲያቃስት ነው የምታይው። የማቅለሽለሽ ኪኒን ከመሳፈር በፊት ነው የሚዋጠው፣ ከጀመረ በኋላ ዋጋ የለውም።

ለእናትሽና ለትንሹ የሚሻለው ግሪን አይላንድ ነው። 45 ደቂቃ ነው። ከጀልባው ወርደሽ ረጅም የእንጨት ድልድይ ላይ ትሄጃለሽ፣ ደረጃ የለም ማለት ይቻላል። ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ አለ፣ እናትሽ እግራቸው ሳይረጥብ ኮራሉንም ዓሣውንም ቁልቁል ያያሉ። ትልቋ ልጅ ዋና የምትችል ከሆነ አንዳችሁ ይዛችኋት ውጭኛው ሪፍ ሂዱ፣ ሌላችሁ ከትንሹ ጋር ቅሩ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር ማየት የለበትም።

ሌላው፣ ኬርንስ ከተማው ፊት ለፊት ባሕር ዳርቻ የለም። ሆቴል ስትይዙ "ባሕሩ ፊት" ቢሏችሁ፣ ባሕሩ ሲሸሽ የሚታየው ጭቃ ነው። ለዚያ ሲሉ ከተማው መንገዱ ዳር ትልቅ የመዋኛ ገንዳ ሠርቷል፣ በነፃ ነው፣ ልጆች ከዚያ አይወጡም። ወንዝ ዳርና የባሕሩ ዳር ላይ ግን የአዞ ማስጠንቀቂያ ስታዩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ልጆቹ ውኃው ጠርዝ ላይ አይቁሙ፣ አለቀ።

የጁላይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሳቸው የአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት ነው፣ ደቡቡ ብርድ ሸሽቶ በሙሉ ወደኛ ይመጣል። ኬርንስን ወደ ወሩ መጨረሻ ብትገፉት ይረክሳል።

---

የሁለት ልጆች አባት፦

እኔ ትንሽ አልስማማም። ወንድሜ መንዳት አምሮታል፣ ጨርሶ አትከልክሉት። ከሜልበርን ሲድኒ በትልቁ አውራ ጎዳና መንዳት ዕድሜ ማባከን ነው፣ በባሕሩ ዳር በኩል ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አራት ቀን ስጡት፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ንዱ። ሌክስ ኢንትራንስ እደሩ፣ ሜሪምቡላ እደሩ፣ ጀርቪስ ቤይ ላይ ሁለት ሌሊት። ያ ቦታ አሸዋው እንደ ዱቄት ነጭ ነው። አገር ማየት ይሄ ነው እንጂ ናላርቦር ላይ ማዛጋት አይደለም።

ካምፐርቫኑን ግን ተዉት። ለአምስት ሰው፣ በክረምት፣ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ይዞ ጠባብ አልጋ ላይ መውጣት መውረድ ለማን ደስታ ነው? ተራ የቤተሰብ መኪና ተከራዩ፣ አውቶማቲክ ይሁን። የሚነዳው በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ። ብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ፍሬቻውም በቀኝ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ፍሬቻ አሳያለሁ ብሎ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያ የማያስነሳ የለም። መኪናውን ከረጅም በረራ ወርዳችሁ ያኔውኑ አትውሰዱ። ተኝታችሁ፣ በማግስቱ፣ ቀን። ሜልበርንም ሲድኒም የሚያስከፍሉ መንገዶች አሏቸው፣ ቆመሽ በጥሬ ገንዘብ የምትከፍይበት የለም፣ ካሜራ አንስቶሽ ሂሳቡ በአከራዩ በኩል ይመጣል። ስትከራዩ ጠይቁ።

የልጁን ወንበር አታጓጉዙ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንበር መታሰሩ ግዴታ ነው፣ ወንበሩ ደግሞ የአውስትራሊያን ደረጃ ያሟላ መሆን አለበት። ከውጭ የመጣው ሕጋዊ አይደለም። መኪናውን ስትይዙ አብራችሁ እዘዙ። የ9 ዓመቷም ቁመቷ አጠር ያለ ከሆነ ከፍ የሚያደርጋት መቀመጫ ጨምሩላት፣ ቀበቶው አንገቷ ላይ እንዳይሆን።

ሜልበርን ካላችሁ ፊሊፕ አይላንድን እንዳታልፉት፣ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ትንንሾቹ ፔንግዊኖች፣ ቁመታቸው ከክንድ የማይበልጥ፣ በመንጋ ከባሕር ወጥተው እየተንገዳገዱ ወደ ጉድጓዳቸው ይሄዳሉ። በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ልጆቹ ሳይተኙ ያልቃል፣ በበጋ ቢሆን ሦስት ሰዓት ማታ ድረስ ትጠብቂ ነበር። ፎቶ ክልክል ነው። ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፣ ነፋሱ ከውቅያኖስ ነው የሚመጣው። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ለእናትሽ ብርድ ልብስ።

---

መንገደኛዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አልጠበቅሁትም ይህን ያህል። 9,500 ኪሎ ሜትሩን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ካልኩሌተር አወጣ። አሁን ደግሞ "እንግዲያው በባቡር እናቋርጠው" ማለት ጀምሯል። እንዴት ነው ባቡሩ? ኡሉሩስ ከእማዬ ጋር ይሆናል? ድንጋዩ ላይ ይወጣል ሲባል ሰምታ ከአሁኑ ፈርታለች።

---

ካርታ አንባቢ፦

ባቡሩ ከሲድኒ ፐርዝ 4,352 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሦስት ሌሊት ይፈጃል። 478 ኪሎ ሜትር ሳይታጠፍ ይሄዳል፣ በዓለም ረጅሙ ቀጥተኛ ሐዲድ ነው። ግን መጓጓዣ አይደለም፣ የሚሄድ ሆቴል ነው። ዋጋውም የሆቴል ነው፣ በአምስት ሲባዛ ሌላ ዕረፍት ይወጣዋል። ልጆቹ ባቡር ካማራቸው ከኬርንስ ኩራንዳ የሚወጣውን ውሰዷቸው። በ1891 የተከፈተ መስመር ነው፣ በዋሻና በፏፏቴ አጠገብ ያልፋል፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስትመለሱ ጫካው አናት ላይ በሚያልፈው የገመድ መኪና ውረዱ።

---

ቀይ አፈር፦

እናትሽን አረጋጊያቸው፣ ድንጋዩ ላይ መውጣት ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ ተከልክሏል። የቦታው ባለቤቶች አናንጉ የሚባሉት የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ናቸው፣ ለእነሱ የተቀደሰ ቦታ ነው፣ ለብዙ ዓመት አትውጡ ሲሉ ኖረዋል። የሚኬደውም የሚታየውም ከሥሩ ነው። ማላ የሚባለው መንገድ ደርሶ መልስ 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳ ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር እንኳ ይኬዳል። ዙሪያውን መሄድ ግን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለባለቤትሽ ስጡት፣ መንዳቱን ይክሰው። ወደ ፓርኩ መግቢያ አዋቂዎች ይከፍላሉ፣ ልጆች በነፃ ነው።

በጁላይ ቀኑ 20 ዲግሪ ነው፣ ለመራመድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በበጋ ሙቀቱ አያስወጣም፣ ዝንቡም ፊት ላይ መረብ ያስለብሳል። ሌሊቱ ግን ወደ ዜሮ ይወርዳል። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት በጨለማ ስትወጡ ጓንት ያስፈልጋችኋል፣ በረሃ ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ።

ማደሪያው ያለው ዩላራ በምትባል አንዲት ሰፈር ብቻ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁነኛ ከተማ አሊስ ስፕሪንግስ ነው፣ 450 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ሲሞላ ሞላ ነው። ሁለት ሌሊት ይበቃችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሁሉም የዘለለው። እናትሽ ሻንጣቸው ውስጥ ሽሮና በርበሬ እንደሚያስገቡ እናውቃለን። አውሮፕላኑ ላይ የሚሞላው ፎርም ላይ ምግብ ይዘናል ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ካሳወቃችሁ ወይ ያሳልፉታል ወይ ይወስዱታል፣ ቅጣት የለም። ደብቃችሁ ውሻው ካሸተተው ግን ቅጣቱ ከባድ ነው። ጥሬ ሥጋ ነክ፣ ማር፣ የሚበቅል ዘር ባይያዝ ይሻላል።

---

መንገደኛዋ፦

እሺ፣ ተስማምተናል። ሜልበርን 4 ሌሊት ከነፔንግዊኑ፣ በባሕሩ ዳር 4 ሌሊት እየነዳን፣ ሲድኒ 4፣ ኡሉሩ 2፣ ወደ ሲድኒ ተመልሰን አንድ አዳር፣ ከዚያ ኬርንስ 5። ከኬርንስ በብሪዝበን በኩል እንወጣለን። ባለቤቴ የባሕሩን ዳር መንገድ ካየ ወዲህ ስለ ናላርቦር አላነሳም። ምን ልጀምር? ቲኬቱን?

---

ቀይ አፈር፦

አይደለም። መጀመሪያ ዩላራ ላይ ባዶ ክፍል ያለበትን ቀን እዪና ያዢ፣ የሚሰረዝ ዓይነቱን። ቀኑ ከታወቀ በኋላ የሲድኒ–ኡሉሩን በረራ፣ ከዚያ ዓለም አቀፉን። መኪናው መጨረሻ ይደርሳል።

---

የሁለት ልጆች አባት፦

መኪናው ሲደርስ ሁለተኛ ሾፌር ብለሽ ስምሽን አስመዝግቢ። መንጃ ፈቃዳችሁ እንግሊዝኛ ከሌለበት ዓለም አቀፉን ከአሁኑ አውጡ።