የሰዓት ፎቶ ወደ ቪዲዮ ሲቀየር ቁጥሮቹ ይቀልጣሉ፤ ምን ይሻላል?

ባለ_ሰዓቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ብረት ማሰሪያ የእጅ ሰዓት ፎቶ አለኝ፤ 4000 በ3000 ፒክስል፣ ጄፔግ። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ሰዓቱ ፊት የሚጠጋበት የ12 ሰከንድ ቪዲዮ ነው የምፈልገው። ፎቶን ወደ ቪዲዮ የሚቀይረው የኤአይ ሞዴል ዋን 2.1 የሚሰጠኝ ግን 5 ሰከንድ ነው፤ መሃል ላይ ሲደርስ ቁጥሮቹ ይቀልጣሉ፣ የሰከንድ ቆጣሪዋ ወደ ኋላ ትዞራለች፣ ብረቱ ይርገበገባል። በፕሮምፕቱ፣ ማለትም ለሞዴሉ በምሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝ፣ «ጽሑፉ አይለወጥ» ብዬ ጻፍኩ፣ ወይ ፍንክች። የመጨረሻውን ፍሬም ወስጄ ስቀጥለው ጭራሽ ይብስበታል።

ቀረብ_በል፦
«አይለወጥ» የሚለውን አውጣው። ሞዴሉ «ጽሑፍ» እና «ለውጥ» የሚሉትን ይይዛል እንጂ አሉታውን እምብዛም አይሰማም። የማትፈልገው ነገር የሚገባው በአሉታዊው ፕሮምፕት ሳጥን ነው። በዋናው ፕሮምፕት ሰዓቱን አትግለጽ፣ ፎቶው ገልጾታል። አንድ የካሜራ እንቅስቃሴና አንድ ብርሃን ይበቃል፦ «ካሜራው በዝግታ ወደ ፊት ይጠጋል፤ ዕቃው ባለበት ጸንቶ ይቆያል፤ ለስላሳ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል።» ብርሃኑ ለጌጥ አይደለም። በተወለወለ ብረት ላይ ነጸብራቁ የሚንሸራተትበት ምክንያት ካልሰጠኸው ሞዴሉ በዘፈቀደ ያርገበግበዋል።

ፎቶህ 4 ለ3 ነው፣ ቪዲዮው ግን 16 ለ9። ራስህ ወደ 4000 በ2250 ቁረጠው። ከመሃሉ ደግሞ 3200 በ1800 ቆርጠህ ሁለቱንም ወደ 1280 በ720 አውርድ፤ አንደኛው መነሻ፣ ሁለተኛው መድረሻ ፍሬም ይሆናል። ዋን 2.1 መነሻና መድረሻ የሚቀበል ዓይነት አለው። መድረሻው ሲታሰርለት የመፍጠር ነፃነቱ ይጠባል። በ5 ሰከንድ ከዚህ በላይ ልቅረብ ካልክ ግን ይቸኩላል።

ርዝመቱን በመቀጠል አትፈልገው። እያንዳንዱ ዙር ዝርዝር ይበላል፣ ቀለምም ይስታል። ከዚያው ፎቶ ሦስት ቦታ ቆርጠህ፣ ለምሳሌ ሙሉውን፣ የመሙያዋን ጉጥና የቁጥሮቹን ጥግ፣ እያንዳንዱን 4 ሰከንድ አድርገህ ቁረጥና አገናኝ። ሲኒማም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ጥልቀት፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ሁለት ነገር ግን ቀርቷል። ከመሃል የተቆረጠ መድረሻ ፍሬም ማጉላት እንጂ መቅረብ አይደለም፤ ካሜራ በእውነት ሲጠጋ የፊተኛው ነገር ከኋለኛው ፈጥኖ ይተልቃል። ይህን ካልፈለግከው ምንም ኤአይ አያስፈልግህም፣ ማንኛውም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ያጎላልሃል። ከፈለግከው መድረሻውን ተወውና በመነሻው ብቻ አሠራው።

ሁለተኛው ጽሑፉ ነው። ሞዴሉ የሚሠራው በተጨመቀ ምስል ላይ ነው፤ በዋን 2.1 ላይ 8 በ8 ፒክስል ወደ አንድ ነጥብ ይገባል። ከዚያ የቀጠነ ፊደል በየፍሬሙ እንደ አዲስ ይሳላል፣ ስለዚህ የትኛውም ፕሮምፕት አያድነውም። የሰዓቱን ፊት ከፎቶው ቆርጠህ መልሰህ ለጥፍበት፦ ጠፍጣፋ ገጽን በሚከታተል መሣሪያ፣ በብሌንደር ፕሌን ትራክ ወይም በአፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ባለው ሞካ፣ የሰዓቱን ፊት ተከታተል፣ አራቱን ማዕዘን እሰር፣ የማስኩን (የልጥፉን ቅርጽ የሚወስነውን ክልል) ጠርዝ ከ3 እስከ 5 ፒክስል አለስልስ። ቆጣሪዋም አብራ ትቆማለች። ልጥፉ ብርሃን የማይነካው እንዳይመስል የተሠራውን ቪዲዮ ቅጂ በጣም አደብዝዘህ በሶፍት ላይት የማዋሃጃ ሁነታ ከላይ አድርግ። ይህ የሚያዋጣው ካሜራው ፊት ለፊት ሲጠጋ ነው፤ ዙሪያውን ከዞረ የቆጣሪዎቹ ከፍታ ያጋልጥሃል።

ፍሬም_ቆጣሪ፦
ዋን 2.1 የሚያወጣው 81 ፍሬም በ16 ፍሬም በሰከንድ ነው። እንዳለ በ24 ካጫወትከው ወደ 3.4 ሰከንድ ይወርድና ይሮጣል። መካከለኛ ፍሬሞችን በሚፈጥረው ራይፍ ፍሬሞቹን 3 እጥፍ አድርጋቸው፣ 48 ይሆናል፤ ከየሁለቱ አንዱን ጣል፣ 24 ሆነ። ጥቂት የፊልም ቅንጣት መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በኋላ። ቀድመህ ከጨመርክ ራይፍ ያጨቀየዋል።

ባለ_ሰዓቱ፦
የመሙያዋ ቁራጭ 900 ፒክስል ብቻ ሆነ። በኤአይ ምስል ማጉያ ላሳድገው?

ቀረብ_በል፦
ተወው። ማጉያው የሌለ ጥርስ ይፈጥርላታል፣ ቪዲዮው ደግሞ ያንን ያንቀሳቅሳል። ያንን ጥግ ለብቻው በቅርብ አንሳው። በስልክ ከሆነ የፖርትሬት ሁነታውን አጥፋ፤ ስልኩ በሐሰት ያደበዘዘው ጠርዝ ካሜራው ሲንቀሳቀስ እንደ ቅርፊት ይላጣል።