ከአሜሪካ የሚመጣው መሐንዲስ ወንድሜ ለአጥቢያችን የውሃ ማጠራቀሚያ ሊሠራ ነው፤ ከወዲሁ ምን እናዘጋጅ?

የለገጣፎ ልጅ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ አሜሪካ የሚኖር ሲቪል መሐንዲስ ነው። ዘንድሮ ለገና መጥቶ ጥምቀትን አክብሮ ይመለሳል። ስለት ስላለበት በለገጣፎ አጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅም ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ከነመቀመጫው ሠርቶ ሊሰጥ ነው። ጣሪያው 12 በ20 ሜትር ነው። የላከልን ፕላን ልኩ በኢንች ነው፣ ኮንክሪቱ 4,000 ፒኤስአይ (የአሜሪካ የጥንካሬ መለኪያ) ይላል። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ምኑን ቀድመን እንጨርስ፣ ምኑንስ ለእሱ እናቆይ? እናታችንም ልጇን በቅጡ ታግኘው።

ሳይት መሐንዲስ
እህቴ፣ ስለቱን ይቀበልለት። ከሁሉ በፊት ፕላኑን ወደዚህ አገር ልክ መልሱት። 4,000 ፒኤስአይ በእኛ መለኪያ 27.6 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፤ ያውም በሲሊንደር፣ ማለትም በድብልብል የሙከራ ናሙና፣ የተለካ። እዚህ ፎርማን "ሲ-25" የሚለውን የኮንክሪት ደረጃ ሲጠራ የለመደው በኪዩብ (ባለ አራት ማዕዘን ናሙና) የተለካውን ነው፤ በሲሊንደር 20 ብቻ ይሆናል። "ያው ነው" ተብሎ ከተሞላ ወንድምሽ ካሰበው ከሩብ በላይ ያንሳል። በአሁኑ አጻጻፍ (ፊተኛው ቁጥር የሲሊንደር፣ ኋለኛው የኪዩብ ነው) ሲ-25/30 ጥቂት ያንሰዋል፣ ሲ-30/37 ይበልጠዋል። የትኛው እንደሚበቃ ራሱ ወስኖ በጽሑፍ ይላክላችሁ።

ፌሮውም እንደዚያው ነው። የእነሱ ቁጥር 4 ፌሮ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ እዚህ የምታገኙት ባለ 12 ነው። በ12 ኢንች (30.5 ሳንቲ ሜትር) ርቀት የተሣለው፣ የብረቱ ጥንካሬ እኩል ከሆነ፣ በየ26 ሳንቲ ሜትር መታሰር አለበት። ፌሮ አሳሪ ካልተነገረው 30 አድርጎ ያስረዋል።

የአፈሩ ነገር ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ሮቶው ሲሞላ 10 ቶን ነው፤ 2.5 በ2.5 ሜትር መቀመጫ ላይ በካሬ ሜትር 1.6 ቶን ይደርሳል፣ ይህን አፈሩ በቀላሉ ይችለዋል። ጥቁር አፈር ግን ክረምት ላይ ሲያብጥ እንዲህ ያለውን ቀላል ግንባታ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከራሰ ደግሞ ያዘነብለዋል፣ ቧንቧውም መጋጠሚያው ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ጥቁሩን አውጥታችሁ ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) በ20 ሳንቲ ሜትር ንብብር እያረጠባችሁ ጠቅጥቁ። አሸዋ ወይም ጠጠር ብቻ አትሙሉበት፤ ጉድጓዱ ውሃ ያቁርና ዙሪያውን አፈር ከሥር ያረጥበዋል። ከሮቶው የሚተርፈው ውሃም በቱቦ ራቅ ብሎ ይፍሰስ እንጂ መቀመጫው ሥር አይንጠባጠብ።

ጉድጓዱን ከወር በፊት ከፍታችሁ ፀሐይ አታስመቱት፤ ሸክላው ከደረቀ በኋላ ውሃ ሲያገኝ የባሰ ያብጣል። እሱ ሊደርስ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ይቆፈር። ወንድምሽ በአካል መገኘት ያለበት የጉድጓዱን ወለል ለማየት፣ ጥቅጠቃውን ለመፈተሽና ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን ለመለካት ነው። የቀረውን ፎርማኑ ይጨርሰዋል፣ ያኔ ከእናቱ ጋር ይቀመጥ።

አሸንዳ ሠሪ
1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 240 ካሬ ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን፣ ከሚባክነው ሌላ፣ 5,700 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ሮቶው በሁለት ጥሩ ዝናብ ይሞላል። በቀን 500 ሊትር ከተጠቀማችሁ ግን 20 ቀን ነው የሚቆየው፤ በጋውን አያሻግርም፣ ከመስመር ውሃም አገናኙት።

አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ከዚያ ካነሰ ቅጠልና አቧራ ይተኛበታል። በሁለቱም ጎን ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይውረድ። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ ሮቶው ውስጥ አይግባ፤ ለዚህ ጣሪያ ቢያንስ 120 ሊትር መጣል አለበት። ቱቦ ብቻውን ያን ያህል አይዝም፤ 200 ሊትር በርሜል ከፊት አስገቡና ከሥሩ ትንሽ ቧንቧ በጠብታ ክፍት ይቆይ፣ ለሚቀጥለው ዝናብ ራሱን ባዶ ያደርጋል።

ጥር ላይ ዝናብ ስለሌለ መጋጠሚያውን በቦቴ ውሃ ፈትሹ። ባዶ ሮቶ ነፋስ ይጥለዋልና እሰሩት።

የሰበካ ጸሐፊ
እህቴ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለሰበካ ጉባኤው በደብዳቤ አመልክቱ፤ ቦታውና የሥራው ዓይነት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ገንዘቡም ዕቃውም በደረሰኝ ገቢ ይሁን፣ ሲያልቅ በርክክብ ይፈረም። ግንባታው ፈቃድ ከተጠየቀበት ፕላኑ ላይ የሚፈርመው እዚህ የተመዘገበ ባለሙያ ነው፤ የአሜሪካ ፈቃዱም ቢጫ ካርዱም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ይህን አይተኩም።

ቦታውን ስትመርጡ አረጋውያን ካህናትን ጠይቁ። ቅጥር ግቢ ውስጥ ምልክቱ የጠፋ መቃብር ይኖራል፤ አፅም ከወጣ ሥራው ይቆማል።

የቁፋሮው ጊዜ ጾመ ነቢያት ላይ ይውላል። በጾም ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚገባ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። ከገና በኋላ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ቅዳሴ ጠዋት ነው፤ ሚክሰርም (ማቡኪያው) ቫይብሬተርም (ኮንክሪት መንዘሪያው) ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ይነሣ። ጥር 6 ግዝረት፣ 7 ሥላሴ፣ ከ10 እስከ 12 ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ነው፤ በእነዚህ ቀናት በእኛ በኩል ግንበኛ አይገኝም። የኮንክሪቱን ሙሌት ከጥር 2 እስከ 4 ባለው ጨርሱ።

የለገጣፎ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ኮንክሪቱ ጥር 3 ከተሞላ በበዓሉ ማን ውሃ ያጠጣዋል? ሮቶውስ መቼ ይጫን?

ሳይት መሐንዲስ
ማጠጣቱን ለግቢው ጥበቃ አደራ ስጡ፤ ጆንያ አልብሶ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ያርጥበው፣ ቀትር ላይ ጆንያው ከደረቀ ይድገመው። በ7 ቀን ኮንክሪቱ ካሰቡት ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል፤ ባዶ ሮቶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ውሃ መሙላት ግን 28 ቀን ይጠብቅ። በሙሌቱ ዕለት ከኮንክሪቱ ስድስት የኪዩብ ናሙና አስወስዱ፤ ጥንካሬው እንዲለካ ሦስቱ በ7 ቀን፣ ሦስቱ በ28 ቀን ይሰበሩ። የ28ቱ ውጤት ሲወጣ እሱ ሄዷልና ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት፤ ሮቶውን ውሃ ሙሉ ብሎ የሚያዝዘው እሱ ነው።