«ደጃዝማች» የሚል ወረቀት በገንዘብ ይገኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «መዋጮ» የሚሉትን አስከፍለው «ደጃዝማች» ወይም «ራስ» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት የሚልኩ ድረ ገጾች አሉ። ማዕረጉ ለልጅ ይተላለፋል ብለውም ይጽፋሉ። ወረቀቱ ይሠራል ወይ? አያቱ ፊታውራሪ የነበሩ ሰውስ ማዕረጉን ሊወርስ ይችላል? በእንግሊዝ ፓስፖርት ላይስ ይገባል?

ሰነድ አገላባጭ፦
አይሠራም። «ለልጅ ይተላለፋል» የሚለው ቃል ብቻውን ያጋልጠዋል። የእኛ ማዕረግ ሹመት እንጂ ርስት አልነበረም። ስሞቹን ልብ በሏቸው፦ ፊታውራሪ የፊት ጦር መሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የቀኝና የግራ አዝማች፣ ደጃዝማች የደጅ አዝማች። ሁሉም የሥራ ስሞች ናቸው። የደጃዝማች ልጅ «ልጅ እገሌ» ይባል ነበር፤ ደጃዝማች የሚሆነው እሱም ሲሾም ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከግራዝማች ወይም ከቀኛዝማች ተነሥቶ። እንደ ዋግሹምና እንደ አምባሰሉ ጃንጥራር ከአንድ ዘር የማይወጡት ጥቂት ናቸው።

ዋናው ጥያቄ «ማን ሾመ?» ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ማዕረግ መስጠት የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደርግ ዘውዱንም ማዕረጉንም ሻረ። አልጋ ወራሹ በ1981 ዓ.ም. ለንደን ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ቢታወጁም፣ በስደት የሚሰጥ ክብር የሰጪው ወገን ክብር ነው፤ የመንግሥት ሹመት አይሆንም። የቤተ ክርስቲያን ማዕረግ ግን ሌላ ነው። ንቡረ እድም ሆነ መልአከ ሰላም ዛሬም ሿሚ አላቸው፤ አትቀላቅሏቸው።

የለንደኑ፦
ስለ ፓስፖርቱ ልጨምር። እንግሊዝ አገር ስምን በሕጋዊ ሰነድ መቀየር ቀላል ስለሆነ ሻጮቹ የሚጠቀሙት በዚህ ቀዳዳ ነው። «ሎርድ» የሚለውን ቃል የመጀመሪያ ስም አድርገው ያስገቡላችኋል። ያ ስም ነው፤ ማዕረግ አይደለም። ፓስፖርት ሰጪው ቃሉ የስም ክፍል እንጂ ማዕረግ አለመሆኑን ማስታወሻ ሊጽፍበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ጣጣው ይመጣል፦ የባንክ ሒሳብ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስሞች አይገጥሙም፤ ሁሉንም እየዞሩ ማስቀየር ግድ ይሆናል። ማዕረጉን አሳይቶ ብድር ወይም ገንዘብ የወሰደ ደግሞ በ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የማጭበርበር ሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

ቁራሽ መሬት ገዝታችሁ «ሌርድ» ተባሉ የሚለው የስኮትላንዱ ጥቅልም ያው ነው። የሚሸጡት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ነው፤ እንዲህ ያለውን የመታሰቢያ ቁራሽ የ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) የመሬት ምዝገባ ሕግ መዝገብ ላይ አያስገባውም። ቃሉ ራሱ «ባለ መሬት» ማለት ነው እንጂ የመኳንንት ማዕረግ አይደለም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። የአያትን ማዕረግ በአግባቡ መያዝ የሚፈልግ ሰውስ ምን ያድርግ?

ሰነድ አገላባጭ፦
ማዕረጉን ከባለቤቱ ስም ጋር ይተወው። «አቶ እገሌ፣ የፊታውራሪ እገሌ የልጅ ልጅ» ብሎ መጻፍ እውነትም ክብርም ነው። «ፊታውራሪ» ብሎ በራስ ስም ላይ መትከል ግን አያት የደከሙበትን ሥራ መናቅ ይመስለኛል።

ማጣራት ከፈለገ መጀመሪያ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ሙሉ ስም ከነአባት፣ የተሾሙበት ግዛት፣ ዓመቱ ቢያንስ በግምት። ከዚያ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሄዶ የዘመኑን ጋዜጦች ያገላብጥ፤ ከ1917 ዓ.ም. ወዲህ «ብርሃንና ሰላም»ን፣ ከ1933 ወዲህ «አዲስ ዘመን»ን። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመጨረሻውን ማዕረግ ብቻ ሲፈልጉ ነው። በ1925 ግራዝማች የነበሩ ሰው በ1940ዎቹ ፊታውራሪ ሆነው ይገኛሉ፤ ስለዚህ በስሙ እንጂ በማዕረጉ አትፈልጉ። የፊደል አጻጻፉም ይለያያል፤ ኀይሉ፣ ኃይሉ፣ ሀይሉ እያላችሁ ሁሉንም ሞክሩ።