ለ30-06 የትኛውን ባሩድ ልግዛ? 4350 ሁሉ አንድ ነው ወይ?

ቦሌ_አውሮራ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ጥይት ራሳችሁ ለምትሞሉ ነው። የምኖረው ኮሎራዶ ነው፣ ያለኝ 30-06 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ቦልት አክሽን (በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ጠመንጃ) ነው በርሜሉ 22 ኢንች፣ እስካሁን የፋብሪካ ጥይት እየገዛሁ ነበር ለኤልክም ለሙል ዲርም (ሁለቱም የአጋዘን ዘር ናቸው) የምወጣው፣ አሁን ግን ፕሬሱንም ዳዩንም (መሙያ መሣሪያዎቹን) ሚዛኑንም አሟልቼ ራሴ ልጀምር ነው። ቀለህ ስሰበስብ ቆይቻለሁ፣ 180 ግሬን (የክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን ቡሌት ገዝቻለሁ፣ ፕራይመርም (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) አለ፣ የቀረኝ ባሩዱ ብቻ ነው እና እሱ ጋ ስደርስ ተምታታብኝ። የጠየኩት ሰው ሁሉ ኤች 4350 ይለኛል፣ እሱ ደሞ ሱቅ ውስጥ የለም፣ መደርደሪያው ላይ ያየሁት አይ ኤም አር 4350፣ ቫርጌት፣ ኤች 4895፣ ዊንቸስተር 760 እና ሬሎደር 22 ነው። ሻጩ «4350 ያው 4350 ነው፣ የኤችን ዳታ (የአሞላል ልኩን) ተጠቀምበት» አለኝ፣ ልቤ ስላልተቀበለው ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሌላው ደሞ ልጄ 12 ሞልቶታል የአዳኝ ትምህርቱንም ጨርሷል፣ ዘንድሮ አብሮኝ ሊወጣ ነው እና የዚህ ጠመንጃ እርግጫ ከብዶታል። ከዛው ባሩድ ቀንሶ ለሱ ቀለል ያለ መሙላት ይቻላል? ልምምዳችን ጁላይ ላይ ነው አደኑ ኦክቶበር ተራራ ላይ፣ ይሄስ ለውጥ ያመጣል? አመሰግናለሁ።

ጋሽ_ምንሽር፦

ልጄ፣ ልብህ ትክክል ነው የነገረህ። 4350 ያው 4350 አይደለም። አይ ኤም አሩ ካናዳ ኩቤክ የሚሰራ ነው፣ ኤቹ አውስትራሊያ ነው የሚመረተው፣ የመቃጠል ፍጥነታቸው ይቀራረባል እንጂ እኩል አይደለም፣ የአንዱን ከፍተኛ ልክ ወስደህ በሌላው ብትሞላ ፕሬሸሩ የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅልህም። 4895ም እንደዛው ነው፣ ኤችም አይ ኤም አርም አለው፣ ሁለት የተለያዩ ባሩዶች ናቸው። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሙሉ ስምና ማንዋሉ ላይ ያለው ሙሉ ስም አንድ ካልሆኑ እንዳትነካው።

አሁን ወደ ምርጫው። መጀመሪያ የምታየው ሁለት ነገር ነው፣ ቀለህህ ምን ያህል ይይዛል እና የምታስወነጭፈው አረር (ቡሌቱ) ምን ያህል ይከብዳል። ፈጣን ባሩድ ቶሎ ነዶ ፕሬሸሩን አረሩ ገና ከቦታው ሳይርቅ ጫፍ ያደርሰዋል። አረሩ ከባድ በሆነ ቁጥር ለመንቀሳቀስ ይዘገያል፣ ስለዚህ በፈጣን ባሩድ ከሞላህ ገና ትንሽ ባሩድ ሳትጨምር ጣሪያው ጋ ትደርሳለህ፣ ለ30-06 ሳሚ (የአሜሪካ የጥይት ደረጃ አውጪ ድርጅት) ያወጣው ጣሪያ 60,000 ፒኤስአይ (የፕሬሸር መለኪያ) ነው፣ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ያለ ይሆንብሃል። ዘገም ያለው ባሩድ ደግሞ አረሩ በርሜሉ ውስጥ እየሄደም ከኋላው እየገፋ ይከተለዋል፣ በዚያው ፕሬሸር የተሻለ ፍጥነት ይሰጥሃል። ዘገምተኛ ማለት ግን መጨረሻ የሌለው አይደለም፣ እንደ ሪተምቦ ያለውን ለትልልቅ ማግነም (ብዙ ባሩድ ለሚይዙ ጥይቶች) የተሰራ ባሩድ 30-06 ውስጥ ብታስገባ ቀለሁ ጢም ብሎ ሞልቶም ፕሬሸሩ አይደርስም፣ በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል።

እና ለ180 ግሬን በ30-06 የ4350 ቤተሰብ ልክ መሃሉ ላይ ነው ያለው፣ ሰው ሁሉ እሱን የሚልህ ለዚህ ነው። ሬሎደር 22 ትንሽ ዘገም ይላል እሱም ይሰራል። ቫርጌትና 4895 ከ150 ግሬን ጋር ግሩም ናቸው፣ ለ180 ዳታ አላቸው፣ ግን ፍጥነት ታጣለህ። በርሜልህ 22 ኢንች ነው ብለህ ደሞ ፈጣን ባሩድ ፍለጋ አትሂድ፣ በረጅም በርሜል ብልጫ ያለው ባሩድ አብዛኛውን ጊዜ ባጭሩም ይበልጣል።

ሌላ ብዙ ሰው የማይነግርህ ጥቅም አለው፣ 4350 ቀለሁን እስከ አንገቱ አካባቢ ይሞላዋል፣ ስለዚህ ተሳስተህ ሁለቴ ብትጨምር ይፈሳል ታየዋለህ። ለጀማሪ ይሄ ከፍጥነቱም ይበልጣል እላለሁ።

ሚኒሶታ_በረዶ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የሙቀቱን ነገር ልጨምር ምክንያቱም እዚህ እኛ ጋ ኖቬምበር ላይ ዋይትቴይል አጋዘን ስንጠብቅ ከዜሮ ፋራናይት በታች የሚወርድበት ጠዋት አለ። ባሩድ ሲሞቅ ፕሬሸሩና ፍጥነቱ ይጨምራል ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል፣ መጠኑ ግን ከባሩድ ባሩድ ይለያያል። ሆጅደን (ባሩድ አቅራቢው ኩባንያ) ኤክስትሪም የሚላቸው ማለትም ኤች 4350፣ ቫርጌት፣ ኤች 4895፣ ኤች 4831 ኤስ ሲ ለሙቀት ለውጥ ብዙም እንዳይናወጡ ታስበው የተሰሩ ናቸው። አይ ኤም አር 4350 የድሮ አሰራር ነው፣ ሬሎደር 22ም በዚህ በኩል ከኤክስትሪሞቹ ጋር አይስተካከልም።

ወንድሜ ላንተ ግን አቅጣጫው ጥሩ ነው። አደገኛው በክረምት እስከ ከፍተኛው ልክ ሄዶ ያንኑ ጥይት በጁላይ ፀሐይ መተኮስ ነው። አንተ በሙቀት ለክተህ በብርድ ነው የምታድነው፣ የምታጣው ትንሽ ፍጥነት ብቻ ነው፣ ስለዚህ አይ ኤም አር 4350 ብትገዛ ምንም አትሆንም፣ ብቻ ሴፕቴምበር መጨረሻ ብርድ ያለበት ጠዋት ሬንጅ ሄደህ ዜሮህን (የዓላማ ማስተካከያህን) እንደገና አረጋግጥ። ጥይቱን መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ላይ አትተወው፣ በርሜሉ ሲግልም ጥይት ቻምበር (ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል) ውስጥ አስገብተህ ወሬ አታውራ ባሩዱ እዛው እየጋለ ነው። ከፍታውን በተመለከተ ደሞ 10,000 ጫማ ላይ መሆንህ ቻምበር ውስጥ ያለውን ፕሬሸር አይቀይረውም፣ የሚቀየረው አየሩ ስለሚሳሳ ቡሌቱ ከቆላው ያነሰ መውረዱ ነው።

ኤች 4350 ሱቅ ውስጥ የለም ላልከው፣ ሆርናዲ በ2007 6.5 ክሪድሞርን ሲያወጣ ያ ጥይት ከኤች 4350 ጋር ልክክ አለ፣ ከዛ ወዲህ የኢላማ ተወዳዳሪውም አዳኙም የሚሻማው አንድ ቆርቆሮ ሆነ። አንተ ግን 30-06 ነው ያለህ ብዙ አማራጭ አለህ፣ እሱን እየጠበክ ሲዝኑ እንዳያልፍብህ።

ሳክራሜንቶ_እህት፦

ሰላም። ስለ ዊንቸስተር 760 ማንም ስላላነሳው ነው የጻፍኩት። እሱ ድቡልቡል ባሩድ ነው፣ ቫርጌትና 4350ዎቹ እንጨት እንጨት የሚመስሉት ናቸው። ድቡልቡሉ በመስፈሪያ ሲወርድ እንደ ጤፍ ነው የሚፈሰው፣ እያንዳንዱ ሙሌት እኩል ይወጣል። አይ ኤም አር 4350 ረጅም ቁርጥ ስለሆነ መስፈሪያው ውስጥ ቀጭ ቀጭ እያለ ይቆረጣል ልኩም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን በሚዛን መመዘን አለብህ፣ ለአደን የሚሞላው ጥቂት ስለሆነ ግን ሸክም አይደለም። የ760 ችግሩ ያው ሙቀትና ብርድ ነው፣ ለመቀጣጠልም ጠንከር ያለ ይፈልጋል፣ በብርድ ብዙ ሰው ማግነም ፕራይመር ነው የሚጠቀምለት፣ ዳታው ማግነም ካላለ ግን ዝም ብለህ ቀይረህ በዛው ልክ አትቀጥል ከታች ጀምር። እኔ ብሆን ላንተ ተራራ እንጨቱን ነው የምመርጠው።

ቡሌትህ ምንድነው ደሞ? እርሳስ ነው መዳብ? እኛ ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደን ጨርሶ ክልክል ስለሆነ ሁላችንም ወደ መዳብ ገብተናል፣ መዳብ ከእርሳስ ቀላል ስለሆነ በእኩል ክብደት ቡሌቱ ይረዝማል፣ ቀለሁ ውስጥ ወደታች ገብቶ የባሩዱን ቦታ ይሻማል። የእርሳስ 180 ዳታ ለመዳብ 180 አይሰራም። መዳብ ከሆነ 165 ወይ 150 ውረድ፣ ኤልክ ላይ ክብደቱን ይዞ ስለሚገባ ቀላሉም ይበቃል፣ ዳታውንም ከራሱ ከቡሌቱ ፋብሪካ ውሰድ።

ዳላስ_ኤም_ዋን፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ ጥያቄው ስለሚቀራረብ። እኔ ከኢትዮጵያ ተመልሰው እዚህ ከተሸጡት ኤም ዋን ጋራንዶች (የድሮ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ) አንዱን ገዝቻለሁ፣ አባቴ ወታደር ስለነበር እሱን ጠመንጃ በእጄ መያዝ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ጥይቱ 30-06 ነው፣ 4350 ቤት ውስጥ አለኝ፣ በሱ ብሞላለትስ?

ጋሽ_ምንሽር፦

ዳላስ፣ አይሆንም፣ በፍጹም። ጠመንጃው ታሪክ ያለው ነው፣ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋበት ዓይነት ነው፣ እንዳታበላሸው። ኤም ዋን የሚሰራው በርሜሉ ጫፍ አጠገብ ካለች ቀዳዳ በሚወጣ ጋዝ ነው፣ ጋዙ ረጅሙን ዘንግ ወደኋላ ገፍቶ ነው ቦልቱን የሚከፍተው። ዘገም ያለ ባሩድ አረሩ እዛች ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ገና ብዙ ፕሬሸር አለው፣ ያ ዘንጉን ይመታዋል፣ ይጣመማል። ቻምበሩ ውስጥ ፕሬሸሩ ልክ ሆኖም ዘንጉ ይጎዳል፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ለሱ 4895 ወይም አይ ኤም አር 4064፣ አረሩ 150 አካባቢ፣ ዳታውም ለኤም ዋን ተብሎ ለብቻው ከታተመው ገጽ ብቻ። ትልልቆቹ ማንዋሎች ለብቻ አውጥተውታል። ፕራይመሩንም ጠንካራውን ምረጥ፣ የኤም ዋን መርፌ ቦልቱ ሲዘጋ በራሱ ነካ ያደርገዋል፣ ፕራይመሩም ከቀለሁ መቀመጫ በላይ እንዳይወጣ በጣትህ ዳስሰው።

ዳላስ_ኤም_ዋን፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። 4350ውን ለቦልት አክሽኑ አስቀምጠዋለሁ፣ ለዚህ 4895 ነገ አዛለሁ።

ቦሌ_አውሮራ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቡሌቴ እርሳስ ነው እህቴ፣ የታሸገ ነው 180። አይ ኤም አር 4350 ልገዛ ወስኛለሁ፣ በራሱ ዳታ። ሁለት ነገር ቀረኝ፣ የልጁ ጉዳይ፣ ሌላው ደሞ አንድ ጎረቤቴ ፈረንጅ ሽማግሌ ከጋራዡ ክዳኑ የተከፈተ የድሮ ባሩድ በነጻ ሰጥቶኛል፣ ስሙ ተፍቋል ግን 4350 ነው ይላል። ለልምምድ ልጠቀምበት? ጋሼ እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሽ_ምንሽር፦

ስሙ ከተፋቀ ባሩድ አይደለም፣ በእጅህ እንዳትሞላበት። በዓይን አይለይም፣ አብዛኛው ጥቁር ግራጫ እንጨት ነው። አርጅቶም ሊሆን ይችላል፣ ያረጀ ባሩድ እንደ አሲድ ይሸታል ቀይ አቧራ የሚመስል ያወጣል። የከተማህን እሳት አደጋ ደውለህ የት እንደሚያስወግዱት ጠይቅ። ከሌላ ሰው ጥይት ተፈልቅቆ የወጣ ባሩድም እንደዛው ነው፣ ፋብሪካዎች የሚሞሉበት ባሩድ በችርቻሮ የሚሸጠው አይደለም፣ ዳታ የለውም።

ሚኒሶታ_በረዶ፦

የልጁን እኔ ልመልስ ለወንድሜ ልጅ ስለሞላሁ። 4350ን ቀንሰህ አትሙላ። ዘገምተኛ ባሩድ ከማንዋሉ ዝቅተኛ ልክ በታች ሲወርድ አቀጣጠሉ ይዛባል፣ አንዳንዴ ቃታ ስበህ ዘግይቶ ይፈነዳል፣ ሲብስ ፕሬሸሩ ሳይታሰብ ዘሎ ጠመንጃ ያበላሻል፣ ማነስ ሁልጊዜ ደህንነት አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው እዛው መደርደሪያ ላይ ያየኸው ኤች 4895 ነው። ሆጅደን ራሱ ለወጣቶች ብሎ ያወጣው ደንብ አለ፣ ለጥይቱ የታተመውን የኤች 4895 ከፍተኛ ልክ ወስደህ እስከ 60 በመቶው ድረስ መውረድ ትችላለህ፣ ከዛ በታች የለም። ይሄ ለኤች 4895 ነው፣ ለአይ ኤም አር 4895 አይደለም፣ ለሌላም አይደለም። ቡሌቱንም ወደ 150 ወይ 125 አውርደው፣ እርግጫው በግልጽ ይቀንስለታል።

ግን የኮሎራዶን ሕግ አትርሳ፣ ለትልቅ አውሬ ጥይቱ 100 ያርድ ላይ ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ይዞ መድረስ አለበት፣ ለኤልክ ቡሌቱ ከ85 ግሬን ማነስ የለበትም። ስለዚህ 60 በመቶው ለካርቶን ኢላማ ልምምድ ይሁንለት፣ ለአደኑ ከፍ ያለውን ሞልተህ በክሮኖግራፍ (የጥይት ፍጥነት መለኪያ) ለካው፣ ልጁ የሚችለውን ያህል ከፍ አድርገህ፣ እና ርቀቱን ገድብለት። እኔ ለመጀመሪያ ዓመት ልጅ ከ100 ያርድ በላይ አልፈቅድም፣ አውሬው ቆስሎ ከሚሄድ ሳይተኮስ ቢሄድ ይሻላል።

ሳክራሜንቶ_እህት፦

ክሮኖግራፍ ካነሳህ፣ ቦሌ አንተም ተበድረህም ቢሆን ያዝ። ከማንዋሉ መነሻ ልክ ጀምረህ በግማሽ በግማሽ ግሬን ስትወጣ ሰው ሁሉ የሚያየው ፕራይመሩ ጠፍጥፏል ወይ፣ ቦልቱ ከብዷል ወይ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ የኢጀክተር (ቀለሁን የሚወረውረው ክፍል) ምልክት አለ ወይ ነው። እነዚህ ምልክቶች ብዙ ጊዜ ጣሪያውን ካለፍክ በኋላ ነው የሚመጡት። ፍጥነቱ ማንዋሉ ለከፍተኛው ልክ ከጻፈው ጋ ከደረሰ፣ ባሩዱ ገና ከዛ ልክ በታች ቢሆንም እዛ ጋ ቁም፣ ጠመንጃህ ፕሬሸሩን ደርሶበታል ማለት ነው። ቀለሁንም አታቀላቅል፣ የወታደር ቀለህ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ይጠባል በዛው ባሩድ ፕሬሸሩ ይጨምራል።

ቦሌ_አውሮራ፦

ገባኝ፣ ተባረኩ። ነገ ሁለቱንም እገዛለሁ። ከአንዱ ምን ያህል ልግዛ?

ጋሽ_ምንሽር፦

አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፣ በ30-06 ከ4350 ከ120 ትንሽ ከፍ ያለ ጥይት ይወጣልሃል። ከአይ ኤም አሩ ሁለት ፓውንድ ግዛ ግን ቆርቆሮዎቹ ላይ ያለው የሎት (የአንድ ጊዜ ምርት) ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን አይተህ፣ ለልጁ አንድ ፓውንድ ይበቃዋል። ሎቱ ሲቀየር ልክህን ዝቅ አድርገህ እንደገና ጀምር፣ አንዱ ሎት ካንዱ ትንሽ ይለያል። ኢንተርኔት ላይ ካዘዝክ የሃዝማት (የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ) ክፍያ ስለሚጨምሩብህ ለሦስት ቆርቆሮ ከሱቁ ይሻልሃል። ቤት ውስጥ በራሱ ቆርቆሮ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ልጆች የማይደርሱበት፣ ከውሃ ማሞቂያው አርቀህ አስቀምጥ። ስትሞላ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቆርቆሮ አብረው አይቁሙ፣ የ4350ውን ጨርሰህ ከድነህ መደርደሪያው ላይ መልሰህ ነው 4895ን የምታወጣው። ለልጁ የሞላኸውንም ሳጥኑ ላይ ባሩዱን፣ ልኩን፣ ቀኑን ጻፍበት፣ ያንተና የሱ እንዳይቀላቀል። ኤልኩ ከገና ጾም በፊት ይግባልህ።