የአውራ ጎዳና ሰሌዳ ሲቀየር አሮጌው ምሰሶ ይቅር ወይስ አብሮ ይነሣ?

ጥያቄ (ጥገና_ክፍል)
ሰላም ለሁላችሁ። 25 ዓመት ያለፋቸው የአቅጣጫ ጠቋሚ ሰሌዳዎች ሊቀየሩ ነው። ገሚሶቹ መንገድ ዳር በሁለት እግር የቆሙ ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ከአንድ ምሰሶ ክንድ ዘርግተው ከመንገዱ በላይ የተንጠለጠሉ። በጀት የተያዘው ለሰሌዳው ብቻ ነው። ፊደሉ ስለሚተልቅ የተንጠለጠሉት ከ12 ወደ 15 ካሬ ሜትር ያድጋሉ። ምሰሶዎቹ ላይ ጋልቫናይዙ (ዝገት የሚከላከለው የዚንክ ልባስ) ደህና ይመስላል። አዲሱን ሰሌዳ በነበረው ላይ ማሰር ይቻላል?

መልስ (ብየዳና_ብሎን)
ከማየትህ በፊት አስላው። ነፋሱ በሰከንድ 40 ሜትር ቢሆን ግፊቱ 0.613 × 40² = 981 ፓስካል ነው፤ ለጠፍጣፋ ሰሌዳ በ1.2 ሲባዛ 1177 ገደማ ይሆናል። 12 ካሬ ሜትር ላይ 14.1 ኪሎኒውተን፣ 15 ላይ 17.7። የሰሌዳው መሃል ከግርጌው 7 ሜትር ከፍ ብሎ ከምሰሶው 5 ሜትር ከራቀ፣ ምሰሶውን የሚያጎብጠው ሞመንት (ኃይሉ በርቀቱ ሲባዛ) ከ99 ወደ 124፣ የሚጠመዝዘው ደግሞ ከ71 ወደ 88 ኪሎኒውተን ሜትር ይወጣል። ሁሉም በሩብ ጨመረ ማለት ነው። ምሰሶው፣ ክንዱና መሠረቱ ይህን እንደሚችሉ በስሌት ካልታየ ሰሌዳው አይተልቅ።

ከዚያ ወደ ግርጌው። ከቤዝ ፕሌቱ (ምሰሶው ከቆመበት ጠፍጣፋ ብረት) ሥር ስሚንቶ ተሞልቶ ከሆነ አንሳው፤ ውኃ ይይዝና አንከር ብሎኑን (ምሰሶውን ከኮንክሪቱ ጋር የሚያስረውን) ከማይታይበት ቦታ ያስበላዋል። ብሎኑን ከአናቱ በአልትራሳውንድ ፈትሽ፤ በመዶሻ መምታት የላላ ዳዶ ያሳይ ይሆናል እንጂ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለ ስንጥቅ አያሳይም። የምሰሶውን ውፍረት ከፕሌቱ ልክ በላይ ለካ፤ ቱቦው ውስጥ ውኃ ከተጠራቀመ የሚሳሳው እዚያ ነው። በብየዳው ጠርዝ፣ በእጅ ማስገቢያው ቀዳዳ ዙሪያና ክንዱ ከምሰሶው በሚገናኝበት ቦታ ቀጭን የዝገት መስመር ካየህ ስንጥቅ ነው ብለህ ጠርጥር፤ አጽድተህ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በሚያሳይ ቀለም ፈትሽ። ብየዳው ከተሰነጠቀ እዚያው ላይ ደራርቦ መበየድን አልመክርም። ያሰነጠቀው የነፋስና የከባድ መኪና ግፊት የማያቋርጥ ምልልስ ስለሆነ ተመልሶ ይከፈታል።

መልስ (አንጸባራቂ)
በብየዳና_ብሎን እስማማለሁ፤ እኔ ሰሌዳው ላይ ልጨምር። የትኛው አስቀድሞ ይቀየር የሚለውን በቀን አይታችሁ አትወስኑ፤ አንጸባራቂ ሽፋኑ የመኪና መብራትን ምን ያህል እንደሚመልስ በመለኪያ ለኩ። በአሜሪካው መመዘኛ ለአረንጓዴ ጠቋሚ ትንሹ ልክ፣ ከመንገድ በላይ ሲሆን ነጩ ፊደል 250፣ አረንጓዴው መደብ 25 ነው፤ መንገድ ዳር ሲሆን 120 እና 15 (ካንዴላ በሉክስ በካሬ ሜትር)።

በአሮጌው ሽፋን ላይ አዲስ መለጠፍ ርካሽ ይመስላል፤ ግን ሥሩ የተላጠ ከሆነ አዲሱም አብሮ ይነሣል። አሉሚኒየሙን ጋልቫናይዝድ ብረት ላይ ስታስሩ በመካከሉ የናይለን ወይም የኒዮፕሪን ሮንዴላ ይግባ፤ አለዚያ እርጥበት ባገኘ ቁጥር አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ስቴንለስ ዳዶ በስቴንለስ ብሎን ላይ ደርቆ ከተሽከረከረ ይናከስና አይፈታም፤ ቅባት አድርጉበት። አዲሶቹን ሰሌዳዎች አቁማችሁ አስቀምጡ እንጂ አትደራርቧቸው፤ በመካከላቸው ያለው ወረቀት ከረጠበ ሽፋኑን ያበላሸዋል።

ጥያቄ (ጥገና_ክፍል)
ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። ብሎኑ ደህና ሆኖ ከተገኘ ዳዶው ስንት ይጥበቅ? ደግሞ አሮጌውን ሰሌዳ ዛሬ አውርዶ አዲሱን ከሳምንት በኋላ መስቀል ችግር አለው?

መልስ (ብየዳና_ብሎን)
አለው፣ ያውም ትልቅ። ብዙዎች ባዶ ክንድ ቀላል ስለሆነ የማይጎዳ ይመስላቸዋል። ሰሌዳው ግን ክብደትም ንዝረት ማርገቢያም ነበር፤ ሲነሣ ክንዱ በለዘብተኛና በተመጣጠነ ነፋስ ሽቅብ ቁልቁል መርገብገብ ሊጀምርና ብየዳውን በአጭር ጊዜ ሊያደክመው ይችላል። በአንድ ሌሊት የሚወርደው ያንኑ ሌሊት ይተካ፤ ካልተቻለ ባዶ ሰሌዳ ይሰቀል።

ስለ ዳዶው፦ ጥርሱንና የሚያርፍበትን ፊት ቅባት፣ ከዚያ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ አንድ ሰው በተራ ቁልፍ ባለው ጉልበት እስኪጠብቅ ድረስ ከፕሌቱ በላይ ያለውንም ከታች ያለውንም ዳዶ አጥብቅ። ቀጥሎ የላዩን ብቻ አዙር፦ ከ38 ሚሊሜትር በላይ ለወፈረ ጠንካራ ብሎን አንድ ስድስተኛ ዙር፣ ለቀጠነው አንድ ሦስተኛ፤ ለስላሳ ብረት ከሆነ ግማሹን። ከ48 ሰዓት በኋላ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን የማዞር ኃይል በሚለካ) እንደገና ይታይ። የታችኛው ዳዶ ከኮንክሪቱ የሚርቀው ከብሎኑ ውፍረት መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ ብሎኑ ራሱ ይጎብጣል።

መልስ (መንገድ_ዳር)
በሁለት እግር የቆሙትን ማንም አላነሣቸውም። መኪና ሲመታቸው ተንሸራተው እንዲላቀቁ የተሠሩ ከሆነ ከላይ ያለው የማጥበቅ ሕግ እዚያ አይሠራም። አምራቹ ከጻፈው ቶርክ በላይ ከጠበቁ አይላቀቁም፤ መኪናውን ያስቆሙታል፣ ሰውየውንም ይገድሉታል። መሬት ላይ የሚቀረው ጉቶ ከ100 ሚሊሜትር ከፍ ካለ ደግሞ የመኪናውን ሆድ ይይዛል፤ ስለዚህ በየጊዜው አፈር ታጥቦ ጉቶው ወጥቶ እንደሆነ ሜትር ይዛችሁ ዙሩ።